«ሁሉንም ያውቁታል፣ ቤታቸው ስሄድ ግን አጥሚት ነው» ላለችኝ እህት

ጥያቄውን የላከችልኝ ምስራቅ ጎጃም ውስጥ በአንድ የገጠር ቀበሌ የምትሰራ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ባጭሩ እንዲህ ትላለች። «ለሚያጠቡ እናቶች፣ ልጅ ስድስት ወር ሲሞላው ከጡት ሌላ ስለሚጀምረው ተጨማሪ ምግብ ሳስተምር ሁለት ዓመቴ ነው። ስጠይቃቸው ሁሉንም ይመልሳሉ። ቤታቸው ስሄድ ግን ልጁ የሚጠጣው ቀጭን አጥሚት ነው፣ አለበለዚያ ወጥ የነካ እንጀራ። እንቁላሉ ገበያ ይሄዳል። ፆም ሲገባ ጭራሽ ይብሳል። አንድ የ8 ወር ልጅ አለ፣ ክብደቱ ሁለት ወር ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ምን ብዬ ላስተምር? ምን ቀረኝ?»

እህቴ፣ ከልጁ ልጀምር። ዛሬውኑ ሂጂና የላይኛ ክንዱን ዙሪያ ለኪ። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ ወይም ሁለቱንም እግሮቹን በአውራ ጣትሽ ስትጫኚ ጉድጓድ የሚተው እብጠት ካለው፣ የዚያኑ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከ11.5 እስከ 12.5 ከሆነም በመመሪያሽ መሰረት መዝግበሽ ተከታተይው። ክንዱ ደህና ቢሆን እንኳን ሁለት ወር ክብደት ያልጨመረ ልጅ ሐኪም ማየት አለበት፤ ሳል ይሁን፣ ተቅማጥ ይሁን፣ የጡት ነገር ይሁን በገንፎ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። ይህን ከጨረስሽ በኋላ ቀሪውን አንብቢ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የቀረሽ መልእክት የለም። እንደውም በዝቷል።

እኔም ነርስ ሆኜ በጀመርኩበት ጤና ጣቢያ እንዳንቺው ነበርኩ። ፖስተር እሰቅላለሁ፣ እናቶቹ እንደ ቄስ ትምህርት ቤት ልጆች በአንድ ድምፅ ይመልሱልኛል። ስንት ወር ሲሞላው? ስድስት! ምን ዓይነት ምግብ? የተመጣጠነ! ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ እገባለሁ። አንድ ቀን ከሁሉም ጎበዝ የነበረችው ሴት ቤት ሳላስበው ገባሁ። ልጇ የ9 ወር ነው፤ አጥሚቱን በእጇ አፍሳ እየጋተችው ነው። «እንዴ፣ ትናንት ምን ነበር ያልሽኝ?» ስላት ምንም ሳታፍር «እሱማ እዚያ የሚባለው ነዋ» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ያስተማርኳት መልስ እንጂ ስራ አልነበረም። የባሰው ደግሞ ፖስተሬ ላይ የነበረው ሙዝ፣ ብርቱካንና ዓሣ ነው። በዚያ ደጋ ሙዝ የሚገኘው በገበያ ቀን ብቻ ነው፣ ዓሣማ ማን አይቶት! ሴትዮዋ ምስሉን አይታ «ይህ የሀብታም ልጅ ምግብ ነው» ብላ ትታዋለች። እኔ ብሆንም እተወው ነበር።

ስለዚህ «ታውቂያለሽ?» የሚለውን ጥያቄ ተዪው። በሱ ፈንታ «ትናንት ከነጋ ጀምሮ ልጅሽ አፉ ውስጥ ምን ገባ?» በያት። ከጠዋት ጀምረሽ እስኪተኛ ድረስ ቀስ ብለሽ አብረሻት ሂጂ። ምን በላ፣ ማን አበላው፣ በምን ዕቃ፣ ምን ያህል ተረፈ። እሷ ገበያ ሄዳ ከነበረ ማን ጋር ዋለ። አትገስጫት፣ ፊትሽም አይለወጥ። ይህ ጥያቄ አስር ደቂቃ ይወስዳል፤ ሲያልቅ ግን ቤቱ ውስጥ የጎደለው ምን እንደሆነ ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ትመርጫላችሁ። አንድ! ገንፎውን ማወፈር ሊሆን ይችላል፣ አንድ ምግብ መጨመር ሊሆን ይችላል። በሳምንቱ ተመልሰሽ ያንኑ ትጠይቂያታለሽ። ሰባት መልእክት ተናግረሽ ከምትመለሺ አንድ ነገር አስጀምረሽ ብትመለሺ ይሻላል።

የምትሰሪበትን ቦታ እስቲ አስቢው። ጎጃም እኮ ነው። ጤፉ ከዚያ ተጭኖ ነው አዲስ አበባ የሚገባው። ሆኖም በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ህፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ፣ ነበሩ፤ የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር። እህል በሞላበት ቤት ልጅ የሚቀነጭረው በአብዛኛው ጎተራው ባዶ ሆኖ አይደለም። ከጎተራው እስከ ልጁ ሳህን ባለው መንገድ ላይ የሆነ ነገር ይጠፋል። ያንን መንገድ ነው ከእናቲቱ ጋር የምትሄጂበት።

ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምታገኚው አጥሚቱን ነው። የህፃን ሆድ ትንሽ ናት፤ በአንድ ጊዜ የምትይዘው በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። 7 ኪሎ የሆነ ልጅ 210 አካባቢ ማለት ነው፣ አንድ የውሃ ብርጭቆ አይሞላም። ከ6 እስከ 8 ወር ያለ የሚጠባ ልጅ ደግሞ ከጡት ውጪ በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ከምግብ ማግኘት አለበት። አሁን አስቢው። በአንድ ብርጭቆ አጥሚት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ቢኖር ነው፣ 70 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ። ቀሪው ውሃ ነው። ልጁ ሆዱ ይነፋል፣ ጠግቧል ይባላል፣ ይተኛል፣ ጡቱንም ይቀንሳል። ዱቄቱን አራት ማንኪያ አድርገሽ ወፍራም ገንፎ ብታደርጊውና አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ብትጨምሪበት በዚያው ብርጭቆ ውስጥ ከእጥፍ በላይ ጉልበት ይገባል። ልጁ የበላው መጠን አልጨመረም።

ይህን ለእናቶቹ በካሎሪ አትንገሪያቸው። ሁለት ማንኪያ ያዢ። በአንዱ አጥሚት፣ በአንዱ ገንፎ ቅጂና እነሱ እያዩ አዘንብይው። አጥሚቱ ይፈሳል፣ ገንፎው ይቆያል። «ከማንኪያው የሚሸሽ ምግብ ከልጁም ይሸሻል» ትል ነበር አብራኝ የምትሰራ አንዲት የልማት ቡድን መሪ፤ እኔ ከዚያ የተሻለ አባባል አላገኘሁም።

እናቶቹ ግን የሚመልሱልሽ ነገር አላቸው፣ ስሚያቸው። «ወፍራሙ ያንቀዋል፣ አንጀቱ አልጠናም፣ ገንፎ ይከብደዋል» ይላሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ የስድስት ወር ልጅ ጠጣር ነገር መዋጥ ገና እየተማረ ነው። እዚህ ላይ እያንዳንዱ ቤት ያለ መድኃኒት አለ፣ ብቅል። ጠላ የሚጠመቅበት የገብስ ብቅል። ገንፎውን ወፍራም አድርገሽ አብስይው፣ ከእሳት አውርደሽ ትንሽ በረድ ሲል ለአንድ ብርጭቆ አንድ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ የብቅል ዱቄት ጨምረሽ አማስይው። በደቂቃዎች ውስጥ ይቀጥናል። ብቅሉ ስታርቹን ስለሚሰባብረው ነው የሚቀጥነው፤ ውሃ አልተጨመረበትም፣ ጉልበቱም ባለበት ነው። ከዚያ መልሰሽ አንድ ጊዜ አንተክትኪው፤ ብቅል ሲዘጋጅ እርጥብ ሆኖ ስለሚቆይ ጀርም አያጣውም። ሻጋታ የሸተተ ብቅል እንዳይነኩ፣ ቡቃያውንም አራግፈው እንዲፈጩ ንገሪያቸው። በማሽላ ብቅል አትሞክሩት፣ የማሽላ ቡቃያ መርዛማ ነገር አለው። ይህን መጀመሪያ ያሳየሁ ቀን እናቶቹ ሳቁ፣ «ልጄን ጠላ ልታጠጪው ነው?» አለችኝ አንዷ። ገንፎው ዓይኗ እያየ ሲቀጥን ግን ቀድማ ድስቱን የነጠቀችኝም እሷው ናት።

በነገራችን ላይ ከከተማ የመጣ አንድ ፋሽን አለ፣ አንቺም ጋ ሳይደርስ አይቀርም፤ የ12 ዓይነት እህል ምጥን። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ... እናቲቱ ወፍጮ ቤት ወረፋ ስትይዝ ትውላለች። ይህ ሁሉ ግን ያው እህል ነው። ሌላ የምግብ ምድብ አልገባበትም። ከሶስት እጅ እህል ላይ አንድ እጅ የተላጠና የተቆላ ባቄላ ወይም አተር ይበቃል። የቀረውን ልፋት እንቁላልና ጎመን ላይ ታውለው።

ምድብ ካልኩ ላይቀር፣ አሁን የምንቆጥረው ስምንት ነው፤ የእናት ጡት ወተት አንዱ ነው። ሌሎቹ እህልና ስራስር፣ ጥራጥሬና ለውዝ፣ ወተትና እርጎ፣ ስጋ፣ እንቁላል፣ ቢጫና ጥቁር አረንጓዴ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ሌላ አትክልትና ፍራፍሬ። ልጁ በቀን ቢያንስ አምስቱን ቢያገኝ ነው የሚፈለገው። ይህን ዝርዝር አታስሸምድጃቸው። ጓዳዋ ግቢና አብረሻት ቁጠሪ። ጡትሽ አንድ። ጤፉ ሁለት። ሽሮው ሶስት፤ በርበሬ ከመግባቱ በፊት የልጁ ይቀነሳል። ጓሮ ያለው ጎመን ወይም ዱባ አራት፣ በደንብ በስሎ ተደቁሶ። ከዶሮዋ ስር ያለው እንቁላል አምስት። ብዙ ቤት ሁሉም አለ፤ ልጁ ሳህን ላይ ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ልጆች በዓይነትም በድግግሞሽም የሚበቃቸውን ያገኙት 11 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀበሌሽን እናቶች ሰነፎች ናቸው እንዳትዪ ብዬ ነው ይህን የምነግርሽ።

እንቁላሉ ላይ ትንሽ ልቆይ። «እንቁላል ስጪው» ማለት ቀላል ነው። እንቁላሉ ግን የቤቱ ጨው ነው፣ ሳሙና ነው፣ የትልቁ ልጅ ደብተር ነው። ብዙ ጊዜም ውሳኔው የእናቲቱ አይደለም፣ ወይ ባሏ ወይ አማቷ ናቸው የሚያዙበት። ታዲያ እናቲቱን ብቻ ሰብስበሽ ስለ እንቁላል ብታስተምሪ የምትጨምሪላት ጭንቀት ብቻ ነው። እኔ ጋ የሰራው ይህ ነበር፤ አያትየዋ ባለችበት ቡና ሲፈላ መሄድና አንዲት ዶሮ ለይቶ «የእገሌ ዶሮ» ብሎ በልጁ ስም መሰየም። የሷ እንቁላል ገበያ አይሄድም። ሌሎቹ ይሸጡ፣ አልተጣላንም። አያቶች ይህን ይወዱታል፤ አንዴ በልጁ ስም ከተጠራች ጠባቂዋ አያትየዋ ናት። አባትየውንም አትርሺው፤ እሱን የምታገኚው ጤና ኬላ አይደለም፣ የእድር ስብሰባ ላይ ነው።

አንዳንዶች «እንቁላል መቀንጨርን ያጠፋል» ብለው ሲያጋንኑ እሰማለሁ። ኢኳዶር ውስጥ ልጆች ለስድስት ወር በየቀኑ አንድ እንቁላል ሲሰጣቸው በቁመት ትልቅ ለውጥ ታይቷል፣ ማላዊ ላይ ተመሳሳዩ ሲሞከር ግን ይህ ነው የሚባል የቁመት ለውጥ አልተገኘም። ጥሩ ፕሮቲን ነው፣ እቤት ያለ ነው፣ በቀላሉ ይደቆሳል። ይህ ይበቃል፣ ተዓምር አታድርጊው።

ፆሙስ? መጀመሪያ ቤተክርስቲያንን የምትወቅስ እንዳትመስዪ፣ በሩ ይዘጋብሻል። ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ የመፆም ግዴታ የለበትም፣ ይህን እናቶቹም ያውቁታል። እንግዲያው ለምን አይሰጡትም? ቀርቤ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ ዕቃ ነው። አንድ ድስት፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ማማሰያ አላት። ለልጁ እንቁላል ከሰራችበት የሷ ፆም ምግብ ተነካ ማለት ነው። «ስቀምስለት ጣቴን እልሳለሁ» ብላም ትፈራለች። ይህ የእምነት ጥያቄ ብቻ አይደለም፣ የድስት ጥያቄም ነው። ትንሽ የልጁ ድስት፣ የልጁ ማንኪያ፣ ለብቻው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል። ያረጀ የቆርቆሮ ኩባያም ይሆናል። ከዚያ የአጥቢያውን ቄስ አነጋግሪ፣ ቄሱ በሰንበት አንድ ቃል ቢናገሩ ካንቺ የዓመት ትምህርት ይበልጣል። ዓቢይ ፆም ብቻውን 55 ቀን ነው። ስድስት ወሩን ዘወረደ ሰሞን የሞላ ልጅ እንቁላል ሳይቀምስ ስምንተኛ ወሩ ሊገባ ይችላል። እናቲቱ ራሷ እያጠባች የምትፆም ከሆነች ከንስሐ አባቷ ጋር እንድትነጋገር ንገሪያት እንጂ አንቺ አትፍረጂ።

ጊዜውን በተመለከተ አንድ ክፍተት አለ፣ ልብ ብለሽው ይሆናል። ክትባቱ 6 ሳምንት፣ 10 ሳምንት፣ 14 ሳምንት ነው፤ ከዚያ እስከ 9 ወር መደበኛ ክትባት የለም። ማለትም ምግብ የሚጀመርበት ወቅት ላይ እናቲቱ ካንቺ ጋር የምትገናኝበት ቀጠሮ የለም፣ የ6 ወሩ ቫይታሚን ኤ ካልሆነ በቀር። ስለዚህ በ14 ሳምንቱ ክትባት ቀን ነገሩን ጨርሺው። «ስድስት ወር ሲሞላው» አትበያት፣ ቀኑን በበዓል ንገሪያት። ሐምሌ 11 የተወለደ ልጅ ለጥምቀት ስድስት ወሩን ይሞላል። «ታቦት ሲወጣ ያንተ ምግብ ይጀመራል» ብላ ራሷ ለልጁ ትነግረዋለች። ከዚያ በፊት ውሃም፣ አብሽም፣ ቅቤም አይገባም። ካርዱ ላይ ጻፊላት፣ አንቺም ማስታወሻሽ ላይ ጻፊና በዚያ ሳምንት ሂጂ።

ስለ መጠን ብዙ አትጨነቂ። ሲጀመር ሁለት ሶስት ማንኪያ ነው፣ ቀስ እያለ ወደ ግማሽ ብርጭቆ፣ በቀን ሁለት ሶስት ጊዜ። ከ9 ወር በኋላ ሶስት አራት ጊዜ፣ መክሰስም ይጨመራል። ዓመት ሲሞላው ወደ ሙሉ ብርጭቆ ይጠጋል። ጡቱ አይቆምም፤ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ከሚያስፈልገው ጉልበት ግማሽ ያህሉ አሁንም ከጡት ነው የሚመጣው። አጥብቀሽ የምትይዢው የልጁን ሳህን ነው። ከትልልቆቹ ጋር ከአንድ ትሪ ከበላ ምን ያህል እንደበላ ማንም አያውቅም፣ ወንድሞቹም ይፈጥኑታል። መጋት ይቅር። ፊቱን ካዞረ ቆም ብላ ታጫውተው፣ ትንሽ ቆይታ ትሞክር። ማር ዓመት ሳይሞላው አይቀመስ። ሻይ ለልጅ አይሰጥም፣ ብረትን ከሰውነቱ ይከለክላል፤ ልጁ ይዞት የተወለደው ብረት ደግሞ ስድስት ወር ገደማ ላይ እያለቀ ነው። ቆሎና ሙሉ ለውዝ ያንቃል።

ሌላው የምትሰሚው «ምግቡን ስጀምርለት አስቀመጠው፣ ስለዚህ ተውኩት» ነው። ወይም «ጥርሱ ነው»። ጥርሱ አይደለም። ያለ ሳሙና የታጠበ እጅ ነው፣ ጡጦ ነው፣ ከጠዋት የተረፈ ገንፎ ነው። የበሰለ ምግብ ሳይቀዘቅዝ ቢበላ ጥሩ ነው፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ግን ለልጁ አይሰጥ። ጡጦውን አስጥያት፣ በኩባያና በማንኪያ ይሆናል። ተቅማጥ ከያዘው ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠውን ንጥረ ነገር) እና ዚንክ ትስጪዋለሽ፣ ጡቱም ምግቡም ይቀጥላል፤ ሲሻለው ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ተጨማሪ ጊዜ ይበላል። «አንጀቱ ይረፍ» የሚባለው ነገር ነው ልጁን የሚያከሳው።

በመጨረሻ ስለ ማሳያው። አንድ ቀን አምስት ስድስት እናት፣ ከአያቶቹ ጋር፣ ከመካከላቸው ያንዷ ቤት ሰብስቢ። ጤና ኬላው አይሁን፣ የቤት እሳት ይሁን። እያንዳንዷ ካላት ታምጣ፤ አንዷ እፍኝ ዱቄት፣ አንዷ አተር፣ አንዷ እንቁላል፣ አንዷ የጎመን ቅጠል። የምታበስለው አንቺ አይደለሽም፣ አንቺ ልጅ ያዢ። እንቁላሉ ተመትቶ የሚገባው ገንፎው እየተንተከተከ ሳለ ነው፣ እንዲበስል። ሲደርስ እያንዳንዷ የራሷን ልጅ እዚያው ታብላ። ልጇ ወፍራም ገንፎ ሲውጥ በዓይኗ ያየች እናት «ያንቀዋል» አትልም፣ አማቷም አብራ አይታለች። እዚያ ላይ ንግግር አታብዢ። ቀኑንና ሰዓቱን ደግሞ እነሱ ይምረጡ። እኔ አንዴ ከሰዓት 10 ላይ ጠርቼ ሁለት ሰው ብቻ መጣልኝ፤ ለካስ እንስሳት የሚገቡበት፣ ውሃ የሚቀዳበት ሰዓት ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ስናደርገው ቤቱ አልበቃንም።